«ስኳር» ያልኳት ቀን

በምዕራብ ጎጃም በአንድ ሆስፒታል በጠቅላላ ሐኪምነት ስሠራ ነው። ከደምበጫ ገጠር የመጣች የሦስት ልጆች እናት ተመላላሽ ክፍል ገባች። የሁለት እጆቿ የጣት አንጓዎች አብጠዋል፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሞቅ እስክትል አይታጠፉላትም። ቀኝ ጉልበቷም ውኃ ቋጥሯል።

«ቁርጥማቱ የመጨረሻውን ልጅ ሳረግዝ ትቶኝ ነበር፤ ከወለድሁ በኋላ ብሶ መጣ» አለችኝ።

ይህ ሩማቶይድ በተባለው የመገጣጠሚያ ብግነት (የሰውነት የራሱ መከላከያ መገጣጠሚያን ሲያጠቃ የሚመጣ እብጠትና ሕመም) በብዙ ሴቶች ላይ የሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ሥራ፣ በእነዚህ ሕሙማን ደም ውስጥ፣ ሰውነት በሽታ ለመከላከል ከሚሠራቸው ፀረ እንግዳ አካላት ብዙዎቹ ጋላክቶስ የተባለው የስኳር ሞለኪውል እንደሚጎድላቸው አሳይቷል። በእርግዝና ጊዜ ጋላክቶሱ እንደሚጨምርም ኋላ ታወቀ። ታሪኳ ከዚህ ጋር ሲገጥምልኝ ልቤ ሞቀ።

ኢንፌክሽን እንዳይሆን ብዬ ከጉልበቷ ፈሳሽ ቀዳሁ። የጤነኛ ጉልበት ፈሳሽ ከመርፌው ጫፍ ሲወርድ እንደ እንቁላል ነጭ ክር ሠርቶ ይሳባል። የእሷ ግን እንደ ውኃ ጠብ ጠብ አለ። ፈሳሹን የሚያዝለገልገው ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የስኳር ሞለኪውሎች የተቀጣጠሉበት ረጅም ሰንሰለት። ብግነት ሲነሳ ሰንሰለቱ ይቆራረጣል። ጀርም አልተገኘም። እኔም በደስታ «በጉልበትሽ ውስጥ ያለው ስኳር ተበላሽቷል» አልኋት። እርግዝና እንደሌለ አረጋግጬ፣ ብግነቱን የሚያበርደውን፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጠውን ሜቶትሬክሴት ከፎሊክ አሲድ ጋር አዘዝሁላት።

በቀጠሮዋ ቀረች። ከሁለት ወር በኋላ ባሏ ደግፏት መጣች፤ ከስታለች፣ ጉልበቷ አይዘረጋም።

«መድኃኒቱስ?»

«ስኳር አለብሽ አላልኸኝም? ስኳር ያለባት ጎረቤቴ ኪኒኑን አይታ የእኔ እንዲህ አይደለም፣ ተሳስተው ሰጥተውሽ ነው አለችኝ። ማሩንም እህሉንም ተውሁት።»

የደሟ ስኳር ጤነኛ ነበር፤ አስለክቼው ነበር። ግን በአገራችን ስኳር ማለት በሽታው ነው፣ ካልሆነም ሻይ ውስጥ የሚገባው ነው። ሦስተኛውን ትርጉም ያወቅሁት እኔ በትምህርት ቤት ነው፤ እሷ ከየት ታምጣው? ያንን ሁሉ ስቃይ ያመጣባት የእኔ ቃል ነው። ይቅርታ ጠየቅኋት።

ከዚያ «ተልባ ዘፍዝፈሽ ታውቂያለሽ?» አልኋት። ሣቀች። «ያ ዝልግልጉ እኮ የተቀጣጠለ ስኳር ነው፤ ግን አይጣፍጥም። የጉልበትሽም ፈሳሽ እንደዚያ መዝለግለግ ነበረበት፤ አሁን ቀጥኗል። የበላሽው ማር አላቀጠነውም፤ ማር መተውም አያወፍረውም። ኪኒኑ የሚያበርደው እሳቱን ነው።» ተልባ ጠጪ ማለቴ እንዳልሆነም ሁለት ጊዜ ደጋገምሁላት፣ ባሏንም መልሰህ ንገረኝ አልሁት። እሁድ እሁድ እንድትውጥ ተስማማን።

ከሦስት ወር በኋላ በራሷ እግር ገባች፤ ሊጥ ማቡካት ጀምራለች። ተቀምጣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፦

«የተበጠሰው ይቀጠላል?»

ብግነቱ ሲበርድ የመገጣጠሚያው ሽፋን ረጃጅሙን ሰንሰለት እንደገና መሥራት እንደሚችል፣ አጥንቱ አንዴ ከተበላ ግን እንደማይመለስ ነገርኋት። ጣቶቿን ዘርግታ አየቻቸው።

«እንግዲያ እሁዴን አላዛንፍም» አለች።