ፍጥነቱን ከፍ ሳደርገው ኮምፒውተሬ ለምን ተንቀራፈፈ?

ለሙከራ የመረጥኩትን ቪዲዮ ለመጭመቅ ኮምፒውተሬ በፋብሪካው ፍጥነት 31 ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። ፕሮሰሰሩን ወደ 4.9 ጊጋኸርዝ ከፍ ካደረግሁ በኋላ ያው ቪዲዮ በዚያው ፕሮግራም 35 ደቂቃ ተኩል ወሰደ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ ውጤቱ ያው ነው። ስክሪኑ ላይ ፍጥነቱ 4.9 ይላል፤ ሰዓቴ ደግሞ ዘግይቷል ይላል። ማንን ልመን?

ያለኝ ፕሮሰሰር በ2017 ለገበያ የወጣው ኢንቴል ኮር አይ7-8700ኬ ነው። ስድስት ኮሮች፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠሩ የስሌት ክፍሎች፣ አሉት። መነሻ ፍጥነቱ 3.7 ጊጋኸርዝ ሲሆን አንድ ኮር ብቻ ሲሠራ እስከ 4.7፣ ስድስቱም አብረው ሲሠሩ ደግሞ እስከ 4.3 ይደርሳል። በስሙ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኬ» ማባዣው ለተጠቃሚው ክፍት መሆኑን ታመለክታለች። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) የሚሰጠው የ100 ሜጋኸርዝ ምት በማባዣው ይባዛል፤ ማባዣው 49 ከሆነ 4.9 ጊጋኸርዝ ይሆናል ማለት ነው። እኔም ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈተው የመነሻ ቅንብር) ውስጥ ገብቼ 49 ጻፍኩ፤ ቮልቴጁን በ1.30 ላይ በቋሚነት አሰርኩት፤ ኮምፒውተሩም ያለምንም ችግር ተነሣ። በስሌት ከሆነ ሥራው ከ27 ደቂቃ ትንሽ አለፍ ብሎ ማለቅ ነበረበት።

የመጀመሪያ ግምቴ ቮልቴጅ አንሶታል የሚል ነበር። ይህን ሥራ የሞከረ ሁሉ መጀመሪያ የሚደርስበት ግምት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሲያስቸግር ቮልቴጅ ጨምርለት ይባላል። ወደ 1.35 አሳደግሁት። ውጤቱ 38 ደቂቃ ሆነ! በጨመርኩለት መጠን የሚዘገይ ማሽን አይቼ አላውቅም ነበርና በዚያ ምሽት ሁሉንም ወደ ነበረበት መልሼ ልተወው ምንም አልቀረኝም። ያቆየኝ እልህ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? እኔ ግን እስከዚያ ድረስ ሥሩን አልነካሁም፤ ቁጥር እየቀያየርኩ ከመጠበቅ በቀር ፕሮሰሰሩ ሥራ ላይ እያለ ምን እንደሚያደርግ አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁም ነበር።

በማግስቱ ኤችደብልዩኢንፎ የተባለውን መከታተያ ፕሮግራም ከፍቼ፣ ቪዲዮውን አስጀምሬ፣ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ላይ ስድስቱም ኮሮች 4.9 ያሳያሉ። ጥቂት ሰከንዶች አለፉ። ከዚያ ስድስቱም አንድ ላይ ወደ 3.5 ገደማ ወረዱ፤ እዚያው ቀሩ። ዓይኔን ወደ ኃይል ፍጆታው መስመር አዞርኩ፤ 95 ዋት ላይ የተቸነከረ ይመስል ንቅንቅ አይልም። ከሥሩ ደግሞ «የኃይል ገደብ ታልፏል» የሚለው መስመር «አዎ» ይላል።

ለካስ ባዮሱ ውስጥ ሁለት የኃይል ገደቦች ነበሩ። አንደኛው ለአጭር ጊዜ የሚፈቀድ ከፍ ያለ ገደብ ሲሆን ሌላው የረጅም ጊዜ ገደብ ነው፤ ይኸኛው ለዚህ ፕሮሰሰር 95 ዋት ነው። ብዙ ማዘርቦርዶች ይህን ገደብ ከፋብሪካ ጀምሮ ልቅ አድርገው ያቀርቡታል፤ የእኔው ግን ጥብቅ አድርጎ ይዞታል። ፕሮሰሰሩ ከ95 ዋት በላይ ሲጠይቅ ለጥቂት ሰከንዶች ይፈቀድለትና ከዚያ ፍጥነቱን እየቀነሰ ወደ ገደቡ እንዲመለስ ይገደዳል።

ቮልቴጅ ስጨምር ለምን እንደባሰበት የገባኝም ያኔ ነው፤ ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ግኝት ይኸው ነበር። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው የሚያድገው። ቮልቴጁን በቋሚነት ስላሰርኩት ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ ቮልቴጁ አብሮ አይወርድለትም። በ95 ዋት ውስጥ መኖር ግዴታው ነው፤ እያንዳንዱ ምት ደግሞ በ1.35 ቮልት ውድ ሆኖበታል። ስለዚህ ያለው ብቸኛ አማራጭ የምቶቹን ብዛት መቀነስ ነው። በፋብሪካው ቅንብር ግን ቮልቴጁ ዝቅተኛ ስለነበር በዚያው 95 ዋት ውስጥ 4.3 ጊጋኸርዝ ይበቃው ነበር። እኔ ራሴ ነኝ ያነቅሁት።

የረጅም ጊዜ ገደቡን ወደ 160 ዋት አነሣሁት፤ ቮልቴጁን ወደ 1.30 መለስኩት። 29 ደቂቃ ተኩል! ከፋብሪካው የተሻለ ቢሆንም ከሚጠበቀው ግን ገና ሩቅ ነው። አሁን የኃይል ገደቡ መስመር «አይደለም» ይላል፤ በምትኩ የሙቀቱ መስመር «አዎ» ማለት ጀመረ። ኮሮቹ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሰዋል። 100 ለዚህ ፕሮሰሰር የመጨረሻው ወሰን ነው፤ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንዱ በር ሲከፈት ከኋላው ሌላ የተዘጋ በር ነበር።

ያለኝ ማቀዝቀዣ ባለ ሁለት ማራገቢያ ትልቅ ማማ ነው፤ ፕሮሰሰሩ የሚጠይቀው 125 ዋት ገደማ ሊያሸንፈው አይገባም ነበር። ነቀልኩት። ከመንቀሌ በፊት ኮምፒውተሩን ጥቂት አሠርቼ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት እንዲለሰልስ አደረግሁ፤ በደረቁ ከመጎተት በቀስታ ወደ ግራና ቀኝ እያሽከረከሩ ማላቀቅ ይሻላል። ከሥሩ ያየሁትን አልረሳውም። ቅባቱ በአንደኛው ጎን ወፍራም ሆኖ፣ ደርቆ፣ እንደ ድርቅ መሬት ተሰነጣጥቋል። በሌላኛው ጥግ ደግሞ በጣም ስስ ሆኖ ብረቱ ከሥር ያንጸባርቃል። ማቀዝቀዣው ተንጋዶ ነበር የተቀመጠው። አራቱን ብሎኖች አንድ በአንድ ሳያቸው አንደኛው እስከ መጨረሻው አልጠበቀም፤ ከዓመታት በፊት ስገጥመው አንዱን ጎን ጨርሼ ወደ ሌላው በመሄዴ የመጣ ነው።

ሁለቱንም ገጽ በአልኮልና ክር በማይተው ጨርቅ አጸዳሁ፤ መሐሉ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ቅባት ጣል አደረግሁ፤ ብሎኖቹንም በሰያፍ፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ፣ ጥቂት ጥቂት እያዞርኩ አጠበቅሁ። ያው ሥራ፣ ያው ቮልቴጅ፣ ከፍተኛው ሙቀት 84 ዲግሪ ሆነ። አሥራ ስድስት ዲግሪ በአንዲት ጠብታ ቅባትና በአራት ብሎኖች! ማቀዝቀዣ ለመቀየር ሐሳብ ያለው ሰው ካለ፣ እባክህ መጀመሪያ ያለህን ነቅለህ ሥሩን እይ።

አሁን ፍጥነቱ በእውነት 4.9 ላይ ጸና። ኮምፒውተሩ ግን አልጸናም፤ ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ማሽኑ ተዘጋ። ቀድሞ ያልወደቀው ያን ፍጥነት በተግባር ለረጅም ጊዜ ይዞ ስለማያውቅ ነው። መከታተያው እንደሚያሳየው ባዮስ ላይ የጻፍኩት 1.30 ቮልት ሥራ ሲበዛ ወደ 1.23 ይወርዳል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ጭነት ሲመጣ ቮልቴጅ ዝቅ እንዲል ማዘርቦርዶች ሆን ተብለው ነው የሚሠሩት። መውረዱን የሚቀንስ ባለ ብዙ ደረጃ ቅንብር ባዮስ ውስጥ አለ። የመጨረሻውን ደረጃ መምረጥ ያጓጓል፤ አልመክርም። ጭነቱ በድንገት ሲለቅ ቮልቴጁ ለቅጽበት ከተጻፈው በላይ ይዘላል፤ ያን ዝላይ ደግሞ ተራ መከታተያ ፕሮግራም አያየውም። መካከለኛውን መረጥኩ፤ በሥራ ላይ 1.28 አካባቢ ቆመ።

መውደቁ ቀረ። ደስ ብሎኝ ጉዳዩን ልዘጋው ስል የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ ከፈትኩ፤ ደግነቱ ከፈትኩት። ከሥራው ሰዓት ጋር የሚገጥሙ የሃርድዌር ስሕተት ማስጠንቀቂያዎች ተደርድረዋል፤ የክስተት መለያ ቁጥራቸው 19 ነው፤ ማለትም ፕሮሰሰሩ ተሳስቶ ራሱ ያረማቸው ስሕተቶች ናቸው። ኮምፒውተሩ አልወደቀም ማለት ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። የቤተሰብ ፎቶዎቼና የሥራ ፋይሎቼ በዚህ ማሽን ላይ ስላሉ፣ ሊያርማቸው ያልቻለው አንድ ቀን እንዲመጣ መጠበቅ አልፈለግሁም። ፕራይም95ን ማስሮጥ የጀመርኩትም ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ፕሮግራም ከ1996 ጀምሮ ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን (ለ1 እና ለራሳቸው ብቻ የሚካፈሉትን) ለሚያስሱ ሰዎች የተሠራ ነው፤ ያሰላውን አስቀድሞ ከታወቀ መልስ ጋር ስለሚያስተያይ ኮምፒውተሩ ባይወድቅ እንኳ የተሳሳተውን ኮር ለይቶ ያቆመዋል።

በ4.9 መዝገቡ ንጹሕ የሆነው በሥራ ላይ 1.34 ቮልት ሲያገኝ ነው፤ ሙቀቱም ወደ 91 ወጣ። በ4.8 ግን 1.25 በቃው። እዚህ ላይ ወረቀትና እርሳስ ያዝኩ። 1.34ን ለ1.25 አካፍዬ በራሱ ሳባዛው 1.15 ገደማ ይሆናል፤ የፍጥነቱን ልዩነት ስጨምርበት 4.9 ከ4.8 በ17 በመቶ ያህል የበለጠ ኃይል ይበላል። የሚመልስልኝ ደግሞ ሁለት በመቶ ፍጥነት ነው። አንዱ ፕሮሰሰር ከሌላው ይለያያል፤ የሌላ ሰው 8700ኬ በዚሁ ቮልቴጅ 5.0 ሊደርስ ይችላል፤ የእኔ ግን ልኩ እዚህ ነው። 4.8ን መረጥኩ፤ ልቤም ረጋ።

አንድ መሰናክል ግን ቀርቶ ነበር። በ4.8 የመጀመሪያው ሙከራ 29 ደቂቃ ወሰደ፤ የኃይልም የሙቀትም መስመር «አይደለም» ይላል፤ ፍጥነቱም አልወረደም። ግማሽ ቀን ከፕሮሰሰሩ ጋር ታገልኩ። ጥፋቱ የሚሞሪው ሆኖ ተገኘ። ከውድቀቶቹ በአንዱ ኮምፒውተሩ አልነሣም ሲለኝ ማዘርቦርዱ ለደኅንነት ሲል የሚሞሪውን ቅንብር ወደ መነሻው መልሶታል፤ 3200 የነበረው በ2133 ይሠራ ነበር። ሚሞሪውን ወደ 3200 የሚያደርሰውን ኤክስኤምፒ የሚባል ቅንብር መልሼ ስከፍተው ሰዓቱ 27 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኮምፒውተሩ በወደቀ ቁጥር ሌላ ነገር ከመንካቴ በፊት የባዮሱን ገጾች አንድ በአንድ አያለሁ፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ቅንብር በላይ አልቀይርም።

አሁን በሣጥኑ የጎን ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ማባዣ 48፣ በሥራ ላይ 1.25 ቮልት፣ የኃይል ገደብ 160 ዋት፣ ሚሞሪ 3200፣ ከፍተኛ ሙቀት 79፣ የክስተት መዝገብ ባዶ፣ 27 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ። ከሥሩ ባዶ መስመር ትቻለሁ። የካሹን (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፈጣን ሚሞሪ) ማባዣ እስካሁን አልነካሁትም፤ በሚቀጥለው ሳምንት እሱን ብቻ፣ ለብቻው፣ አንድ እርከን ከፍ አደርግና ያንኑ ቪዲዮ እንደገና አስጀምራለሁ።