የ12፡10 ነገር

የጥናት ጽሑፌ ዛሬ ለጆርናል ሊላክ ነበር። ለባለቤቴ «ቅዳሜ ማታ ሰብሚት አደርገዋለሁ፣ እሁድ ቁርስ ውጭ ነን» ካልኩት ይኼ ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ሁለቱ እሁዶች በእንቁላል ፍርፍር አለፉ፣ እዚሁ ቤት። ነገም ያው ነው።

የሆነውን ሳልረሳው ልጻፈው። ሲነጋ ለራሴ ሰበብ እንደማላጣ አውቃለሁ።

ጽሑፉ ስለ ውሃ ነው። እኛ ሰፈር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። ጀሪካኑ፣ በርሜሉ፣ አቅም ያለው ቤት ደግሞ ሮቶው ይሞላና እስከሚቀጥለው ፈረቃ ከዚያ እየተቀዳ ይኖራል። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ከቧንቧው ጋር የመጣው ክሎሪን ጀሪካን ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ነበር። ክሎሪን እንግዳ ነው፣ ቤት ውስጥ አይከርምም። ሙቀቱ፣ ብርሃኑ፣ ጀሪካኑ ግድግዳ ላይ የያዘው አረንጓዴ ነገር፣ ሁሉም ይበላዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ተጠቃሚው ጋ ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን ይኑረው ይላል። መለኪያው የልጆች ጨዋታ ነው የሚመስለው፦ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ውሃ ይጨመራል፣ ዲፒዲ የምትባል እንክብል ጠብ ትደረጋለች፣ ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል። ብዙ ካለው የቀይ ሥር ውሃ ይመስላል፤ ጥቂት ካለው ቀለም የለቀቀ ጨርቅ የተዘፈዘፈበት ይመስላል፤ ከሌለው እንደነበረ ይቀራል። ቶሎ መነበብ ስላለበት ተሸክሞ ላብራቶሪ መሄድ የለም፤ እዚያው የሰው በር ላይ ነው የሚሠራው።

የሠራነው በኅዳር 2016 ነው፣ እኔና አራት ተመራቂ ተማሪዎቼ። የታክሲው ከኪሴ ነበር። ፎርሞቹ እስከ ዛሬ አልጋ ሥር፣ የዘይት ካርቶን ውስጥ አሉ። ባለቤቴ «የእኛ ቤት አርካይቭ» ይለዋል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዓመት ከመንፈቅ ያለቀው በመጻፍ ነው። በመጻፍ ስል ግማሹ ጽሑፍ እንኳ አይደለም። አብስትራክቱ ከ250 ቃል እንዳይበልጥ፣ መስመሮቹ ቁጥር እንዲኖራቸው፣ ሪፈረንሱ ቫንኩቨር በሚባለው ባለ ቁጥር ስልት እንዲሆን፣ ስትሮብ የሚባለውን፣ የጥናት ጽሑፍ ምን ምን መያዝ እንዳለበት የሚዘረዝር ባለ 22 ነጥብ ዝርዝር እያንዳንዱ ነጥብ በየትኛው ገጽ እንዳለ ሞልቶ ማያያዝ። የማሳተሚያ ክፍያውስ ላልሽኝ እህቴ፦ የዓለም ባንክ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ከሚላቸው አገሮች ለሚጽፍ ሰው ብዙ አሳታሚዎች ይተዉታል፤ ግን ሲላክ ነው የሚጠየቀው፣ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ማንገራገር አይሠራም። በየሳምንቱ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» እያሉ በኢሜይል የሚለምኑኝን፣ በአምስት ቀን እናትማለን የሚሉትን ደግሞ ሳልከፍት ነው የማጠፋው። ፕሮፌሰር አይደለሁም፤ ማስተርስ ነው ያለኝ።

ሪፈረንሱ ላይ ግን ሦስት ምሽት ቀልጦብኛል፣ ምክንያቱም እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ያለን የአባት ስም ነው። ሪፈረንስ የሚያደራጅልኝ ፕሮግራም፣ ዞቴሮ፣ ግን የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስደዋል፤ አንዳንድ የአገራችን መጽሔት ደግሞ ሰውየውን በራሱ ስም ያስቀምጠዋል። እናም አንድ ተመራማሪ ዝርዝሬ ውስጥ ሁለት ሰው ሆኖ ቁጭ ብሏል፤ አንዱ በራሱ ስም፣ ሌላው በአባቱ። አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም ራሱን የሚቃወም አስመስዬ ጽፌ ነበር። የጆርናሉ ፎርም «ላስት ኔም» የሚለው ሳጥን ውስጥ አባቴን አስገባሁት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሰው ይህን ሥራ ቢጠቅስ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ቀኖቹም እንደዚሁ አስቸግረውኛል። ፎርሙ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጆርናሉ በእነሱ። እኔ በልማድ ኅዳር 1ን ኖቬምበር 10 ብዬ ቀየርኩት። በዚያ ዓመት ግን ልክ አይደለም። የ2015 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች 2016 የገባው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ኅዳር 1ም ኖቬምበር 11 ላይ ነው የሚውለው። ሁሉንም ቀን በአንድ ወደፊት ገፋሁ። ይቺን በጊዜ ስለያዝኳት ኮራሁ። ቀኑን እንዲያ ያጣራሁ ሰው ሰዓቱን አላየሁትም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ የቀረኝ ሜተድ ክፍል ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች፤ ናሙናው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደተወሰደ የምትናገር። ኤክሴሉን ከፍቼ ትንሹንና ትልቁን ሰዓት ፈለግኩ። ትንሹ 2፡15። ጥሩ፣ ጠዋት ነው የምንጀምረው። ትልቁ 12፡10።

12፡10? እኛ እኮ በ10 ሰዓት ነበር የምንበተነው። ተማሪዎቹ የሚመለሱበት ሰርቪስ በ11 ይሄዳል። በ12፡10 የሰው በር ላይ ቆሞ ብልቃጥ የሚያንቀጠቅጥ ማን ነው?

ካርቶኑን ጎትቼ ፎርሙን አወጣሁ። የአንዷ ልጅ ጽሕፈት ነው፣ ጥንቅቅ ያለ። ከሥሩ ያለው 11፡35 ይላል። ቀጥሎ 10፡50። ከ12፡10ው በኋላ ያለው፣ በተራ ቁጥር የሚከተለው፣ 2፡15። ልቤ ዝቅ አለ። ልጅቷ በፈረንጅ ሰዓት ነው የጻፈችው።

የፎርሙ ቀጣይ ጥያቄ ደግሞ «ይህ ውሃ የተቀዳው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ይላል። ለሱ የምትመልሰው የቤቱ ባለቤት ናት፤ እሷ «ሌሊት 9 ሰዓት» ስትል በእኛ 9 ሰዓት ማለቷ ነው። ስለዚህ አንዱ ወረቀት ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጧል። ሌሊት 9 የተቀዳ ውሃ ጠዋት 3፡30 ላይ ሲለካ ስድስት ሰዓት ተኩል የቆየ ነው። ልጅቷ ግን ስልኳ ላይ ያየችውን 9፡30 ጻፈች፤ እኔ የቀን 9፡30 ብዬ ቆጠርኩት፤ ውሃው የአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ዕድሜ አገኘ። ከሰዓት በኋላ የሄደችባቸው ቤቶች ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከእያንዳንዱ ስድስት ሰዓት ሰርቄያለሁ። የጥናቱ ጥያቄ እኮ ስንት ሰዓት ይቆያል ነው!

ከሁሉ የከፋው ይኼ አይደለም። ዳታውን ያጠራሁ ጊዜ ሁለት ቤቶች ላይ የቆይታው ሰዓት ኔጌቲቭ መጥቶብኝ ነበር። ውሃው ከመቀዳቱ በፊት ተለክቷል ማለት ነው። «የማስገባት ስህተት» ብዬ ሁለቱን አጠፋኋቸው። ሁለት ቤት ጮኸው ነግረውኝ ነበር፤ እኔ አፋቸውን ዘጋሁ።

ደወልኩላት። አሁን ቢሾፍቱ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምትሠራው። «ቲቸር፣ ስልኬ የሚያሳየኝን ነው የጻፍኩት፤ ፎርሙ ላይ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ አይልም እኮ» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ፎርሙን አየሁት። ሰዓት ይላል፤ ከሱ ቀጥሎ ነጠብጣብ። በቃ። ፎርሙን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሥልጠናውንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ስለ እንክብሉ ግማሽ ቀን አውርቼ ስለ ሰዓት አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ቀጥላ ደግሞ «የመጀመሪያው ቀን ግን ስልኬ ቻርጅ ጨርሶ በእጅ ሰዓቴ ነበር መሰለኝ። እሱ ደግሞ በሐበሻ ነው» አለች። ሰው ሐቀኛ ሲሆን እንዴት ያስቸግራል!

አብሮኝ ለሚጽፈው ለታላቅ ባልደረባዬ ነገርኩት። ደግ ሰው ነው፤ ሃያ ምናምን ዓመት አስተምሯል። «ይኼውልሽ፣ ሪቪወሩ ፎርሙን አያይም። ሊሚቴሽን ላይ አንድ መስመር ጣል አድርጊና ላኪው» አለኝ። ሪቪወሩ የጆርናሉ ገምጋሚ ነው፤ ሊሚቴሽን የጥናቱ ድክመት የሚጻፍበት ክፍል። «እሺ ጋሼ» ብዬ ዘጋሁ። እውነቱን ለመናገር አንድ ሰዓት ያህል ልሰማው ፈልጌ ነበር። መስመሯን እንዲያውም ጽፌያታለሁ፤ በእንግሊዝኛ ስትጻፍ ታምራለች፣ ማን እንዳጠፋ አትናገርም። ለታችኛው ፎቅ እትዬ እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው አሰብኩ። ከበራቸው ነው ናሙና የወሰድነው፤ ውጤቱን እስከ ዛሬ ይጠይቁኛል። «ሰዓቱ ተሳስቷል» ብላቸው የሚከተለው «ማን አሳሳተው?» ነው። መስመሯን አጠፋኋት።

መውጫ ያገኘሁት ከቴሌግራም ነው። ልጆቹ እያንዳንዱን ብልቃጥ በስልክ እያነሱ ግሩፓችን ላይ ይልኩ ነበር፣ ቀለሙን አብረን እንድናይ። ፎቶው ሥር የተላከበት ሰዓት አለ። ወደ ኅዳር 2016 ስወጣ፣ በመሃል ሁለት የምርቃት ድግስ፣ አንድ ለቅሶና ማለቂያ የሌለው የበዓል ስቲከር አለፍኩ፤ ከዚያ ሮዝ ብልቃጦቹ ጀመሩ። የእሷ 47 ፎርም ነው። አንድ በአንድ፦ ፎርሙ ላይ ያለው የቤት ቁጥር፣ ፎቶው ሥር የጻፈችው የቤት ቁጥር፣ ፎርሙ ላይ ያለው ሰዓት፣ ቴሌግራሙ ላይ ያለው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ለአርባ ደቂቃ ቆየልኝ። የቀረውን በስልኬ ዳታ፣ በሻማ፣ በልጄ ደብተር ጀርባ ላይ በእርሳስ ነው የጨረስኩት። ከመንገዱ ማዶ ወደ ናዝሬት የሚወርዱት ከባድ መኪኖች መብራታቸውን ኮርኒሱ ላይ እየጣሉ ያልፋሉ።

38ቱ ገጠሙ። በሁለት በሦስት ደቂቃ ልዩነት፣ ሁሉም በፈረንጅ ሰዓት። ዘጠኙ ፎቶ የላቸውም፤ የመጀመሪያው ቀን ናቸው፣ ስልኳ ቻርጅ የጨረሰበት ቀን። ዘጠኙን ከቆይታው ስሌት ላወጣቸው ነው፤ የክሎሪኑ መጠን ግን ይቆያል፣ እሱ አልተበላሸም። አንዴ ከነሱ ጋር፣ አንዴ ያለነሱ አስልቼ ሁለቱንም አሳያለሁ። ያጠፋኋቸውን ሁለቱን ቤቶች መለስኳቸው። ሁለቱም የከሰዓት በኋላ ናቸው፤ ስድስት ሰዓታቸው ሲሰጣቸው ልክ መጡ። ሠንጠረዦቹ በሙሉ እንደገና መሠራት አለባቸው፣ ዲስከሽኑ ውስጥ የጻፍኩትም ቆንጆ አንቀጽ ምናልባት ይወድቃል። የምወደው አንቀጽ ነበር።

ደግሞ የስም ነገር። ልጅቷን ምስጋናው ውስጥ «ዳታ ሰብሳቢዎችን እናመሰግናለን» ከሚለው ጋር ደባልቄያት ነበር። ጆርናሉ የሚከተለው የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ኮሚቴ መመሪያ ግን አራት መስፈርት አለው፦ በሐሳቡ ወይም በዳታው ሥራ ትልቅ ድርሻ፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት መገምገም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱንም ያላሟላ ደራሲ አይባልም። የመጀመሪያውን ላሟላ ሰው ግን የቀሩትን እንዲያሟላ ዕድል ይሰጠው ይላል። ይቺን መስመር ስንት ጊዜ አልፌያታለሁ! ከዚህ በፊት የማስታውሳት አለቃ ነገር፣ ወረቀቱን ሳያነብ «እኔንም አስገቡኝ» ሲል ብቻ ነበር። ለአራቱም ልጆች ጽሑፉን ላክሁላቸው፦ «አንብቡ፣ ያልገባችሁን፣ ያልተስማማችሁበትን ጻፉ፤ ስማችሁ እንዲገባ የምትፈልጉ ኃላፊነቱንም ተቀበሉ።»

ሦስቱ እስካሁን ዝም ብለዋል፣ ቅዳሜ ማታ ነው፣ አልፈርድባቸውም። እሷ ግን የማታ ተረኛ ነበረችና ከእኩለ ሌሊት በፊት መለሰች። አሥራ አንድ አስተያየት። አንዱ የፊደል ግድፈት ነው፣ አንዱ የክሎሪን መለኪያ አሃዱ የወደቀበት ቦታ ነው። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ ሠንጠረዥ 2 ላይ ማታ የተቀዳና ሌሊት የተቀዳ ብለን ለይተናል። ማታው ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያልቀው?»

ለእኔ ማታ እስከ 4 ሰዓት ነው። ባለቤቴ ዜናው እስኪያልቅ ይለኛል። ለታችኛው ፎቅ እትዬ ደግሞ፣ ጠይቄያቸው አውቃለሁ፣ ልጆቹ እስኪተኙ ነው። ፎርሙ ላይ ምን እንዳልን ለማየት ሻማውን መሬት ላይ አቁሜ ካርቶኑን መልሼ ጎተትኩት።