ከድሬዳዋ ተሰድጄ ትምህርቴን ያቆየሁበት መንገድ

እንደ እኔ ያለ የስደተኛ ልጅ የተማረውን የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለው እንዳልተማረ እንደሚቆጠር የተረዳሁት ከስደት ስመለስ ነው። ማስረጃውን እንዴት እንዳቆየሁት ልጻፍ።

የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር በ1969 ክረምት ወርሮን ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ አጠገብ ሲደርስ የመድፉ ድምፅ ገንደ ቆሬ ድረስ ይሰማ ነበር። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ድል ሲገኝ ጭንቀታችን ያበቃ መስሎን ነበር፤ ሆኖም በከተማው ውስጥ ቀይ ሽብር ቀጥሎ ስለነበር ታላቅ ወንድሜ እንደሚፈለግ የሰማችው እናታችን ሁለታችንን ይዛ፣ ከግመል ነጋዴዎች ጋር፣ በሽንሌ በኩል በሌሊት ወጣች። እኔ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከልብሳችን ቀድማ የሸከፈችው የክርስትና ወረቀታችንንና የሦስተኛ ክፍል ካርዴን ነበር።

ያረፍነው ጅቡቲ ውስጥ አሊ ሳቢህ በሚገኘው የስደተኞች ካምፕ ነው። ጅቡቲ ነፃ ከወጣች ገና አንድ ዓመቷ ነበርና ለራሷ ልጆች እንኳ በቂ ትምህርት ቤት ስላልነበራት በእሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። እኛን ያስተማረን ከዩኒቨርሲቲ ሸሽቶ የመጣ አንድ ወጣት ነው። ካምሲን የሚባለው የሐምሌ ነፋስ ድንኳኑን እያራገበው፣ የዱቄት ወተት ካርቶን ቀድደን በከሰል እየጻፍን ሒሳብና እንግሊዝኛ እንማር ነበር። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ያዘዘን አንድ ልማድ ነው፤ ደብተር በተገኘ ጊዜ የተማርነውን ርዕስ ከነቀኑ እንድንመዘግብ ያደርግና በየገጹ ሥር እሱ ይፈርም ነበር። ይህን መምህር እስከ ዛሬ በምስጋና አስበዋለሁ።

ከክፍሉ ውጭ ደግሞ ትምህርት ቤቴ የውኃ ሰልፉ ነበር። ሶማልኛ ከድሬዳዋ ይዤ ስለሄድሁ አፋርኛና ፈረንሳይኛ ለመልመድ ወረፋው ላይ በቂ ጊዜ ነበረኝ፤ ክሊኒክ ስንሄድ ለእናቴ የማስተረጉመው እኔ ነበርሁ። ልጅን እንዲህ ያለ ኃላፊነት ያስረጀዋል የሚሉ አሉ። እኔን ግን የእርዳታ ስንዴ ጠባቂ ብቻ ሆኜ እንዳልቀር ያዳነኝ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1976 መጀመሪያ የሁለቱ መንግሥታትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ስምምነት በባቡር የመመለሻውን መንገድ ከፈተ። ወንድሜ ለተመላሾች በታወጀው ምሕረት አላመነም፤ እዚያው ቀረ። እኔና እናቴ ግን በደወሌ በኩል ድሬዳዋ ገባን። ያኔ በቀበሌ ያልተመዘገበ ሰው መታወቂያ አያገኝም ነበር፤ ያለ መታወቂያ ደግሞ የኅብረት ሱቅ ስኳርም ሆነ የትምህርት ቤት ምዝገባ አይታሰብም ነበር። የመጋላ ጎረቤቶቻችን፣ ኦሮሞውም ሶማሌውም ሐረሪውም፣ የማን ልጅ እንደሆንሁ ቀርበው መሰከሩልኝ። እናቴ ስለ ስደቱ ለተጠየቅሁት ብቻ እንድመልስ፣ የወንድሜን ስም በፍጹም እንዳላነሣ መከረችኝ፤ በዚያ ዘመን ዝምታን ማወቅ ከትምህርቱ እኩል ያስፈልግ ነበር።

አንድ ትምህርት ቤት ካርዴን አይቶ አራተኛ ክፍል ግባ አለኝ። ሌላው ርዕሰ መምህር ግን የተፈረመበትን ደብተር ገጽ በገጽ አገላብጦ፣ ከደብተሩ ፈትኖኝ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ሰባተኛ ክፍል አስገባኝ። ቀን ቀን ቀፊራ ገበያ ሸክም እሠራ ነበር። በ1975 የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 ዓመት ጀምሮ ያለውን ወጣት ይመለከት ስለነበር፣ አፈሳ በመጣ ቁጥር አሥራ ስድስት ዓመቴ መሆኑን ያስረዳልኝ የክርስትና ወረቀቴ ነው።

ዛሬም ልጅ ይዘው የሚሸሹ እናቶች አሉ። የልጁን የልደት ማስረጃና የክፍል ካርድ ከምግቡ ጋር ይያዙ፤ በሄዱበት ፊደል የቆጠረ ሰው ፈልገው ልጁ በየቀኑ የሚማረውን ያስጽፉና ያስፈርሙ።