በሊፍት ማሽን ክፍል የሊፍቱ ያልሆነ ሽቦ አይገባም

በአሜሪካው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ፣ ሁላችንም ኤን ኢ ሲ በምንለው፣ ሊፍትን የሚመለከተው አንቀጽ 620 ነው። ረጅምና ደረቅ ቢመስልም ማሽን ክፍልን (የሊፍቱ ሞተርና ኮንትሮለር ያሉበትን ክፍል) የሚነካው ሁሉ አንድ ሰው ታስቦ የተጻፈ ነው፤ ኮንትሮለሩን (ሊፍቱን የሚያዝዘውን የመቆጣጠሪያ ሳጥን) ከፍቶ፣ እጁን ውስጥ ከትቶ የሚሠራው የሊፍት ቴክኒሻን። እሱን እያሰባችሁ ካነበባችሁት ሕጉን መሸምደድ አያስፈልጋችሁም።

ከሁሉ በፊት 620.37ን ያዙ። በማሽን ክፍሉ ውስጥ የሚፈቀደው በቀጥታ ለሊፍቱ የሚያገለግል ሽቦ ነው፤ ኃይልና ቁጥጥሩ፣ ከካቢኑ ጋር መገናኛው፣ የእሳት ጠቋሚው፣ የክፍሉ የራሱ መብራት፣ ማሞቂያና ማናፈሻ። ጣሪያ ላይ ላለ ሌላ መሣሪያ የሚሄድ ኮንዲዩት (ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ) አንድም ሳጥን ሳይኖረው ዝም ብሎ ቢያልፍ እንኳ ጥሰት ነው። ብዙ ኤሌክትሪሻን "ምን ይጎዳል፣ አቋራጭ ነው" ይላል። ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ ያ መስመር የሊፍቱ ማቋረጫ (ኃይሉን የሚቆርጠው ማብሪያ ማጥፊያ) ሲዘጋ አይሞትም፣ በተበላሸ ቁጥርም ስለ ሊፍት የማያውቅ ሰው ሊጠግነው ወደ ክፍሉ ይገባል።

መብራትና ሶኬት (620.23)። የቅርብ ዓመታት እትሞች የመብራቱ መስመር ከሶኬቱ መስመር እንዲለይ ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም ሌላ ጭነት አይሸከሙም። ማብሪያው መግቢያው ላይ ይሁን። ቢያንስ አንድ ባለ 125 ቮልት መንታ ሶኬት ያስፈልጋል፣ እሱም በጂ ኤፍ ሲ አይ (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያመልጥ ወዲያው በሚቆርጥ መከላከያ) የተጠበቀ። መብራቱ ግን ፈጽሞ ከጂ ኤፍ ሲ አይ ኋላ አይገናኝም። የመሰርሰሪያ ገመድ ጂ ኤፍ ሲ አይውን ሲያስቆርጠው መብራቱም አብሮ ከጠፋ ቴክኒሻኑ በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ፍተሻው ቀላል ነው፤ የሶኬቱን የሙከራ ቁልፍ ይጫኑ። መብራቱ ከጠፋ ሽቦው "ሎድ" ከሚለው ብሎን ላይ ነው የተነሳው፣ ይፈታ።

ዋናው ማቋረጫ (620.51) ሁሉንም ፌዝ በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ፣ ክፍት (ኃይሉ የተቆረጠ) እንደሆነ በቁልፍ የሚታሰር፣ ከኮንትሮለሩ የሚታይ መሆን አለበት። በኮዱ "የሚታይ" ማለት በዓይን የሚታይና ከ15 ሜትር ያልራቀ ማለት ነው። ከአንድ በላይ ሊፍት ካለ የማሽኑና የማቋረጫው ቁጥር ተመሳሳይ ይሁን። የካቢኑ መብራት ግን በ620.53 የራሱ ማቋረጫ አለው፤ ዋናው ሲዘጋ በካቢኑ ውስጥ ያሉ ሰዎች ጨለማ እንዳይውጣቸው። ያ መስመር በኮንትሮለሩ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ዋናውን የቆለፈ ሰው ኮንትሮለሩ ሙሉ በሙሉ ሞቷል ብሎ እጁን አይስደድ፤ መጀመሪያ በቮልቴጅ መለኪያ ይለካ።

አሁን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር። መብራት ሲሄድ በባትሪ ወደ ታች የሚወርድ ሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ) ሊፍት ከሆነ ማቋረጫው ውስጥ ረዳት ኮንታክት (ከማቋረጫው ጋር አብሮ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ማብሪያ) መኖር አለበት (620.91)። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው፣ ከማቋረጫው ወደ ኮንትሮለሩ የሚሄዱ። እነሱ ካልታሰሩ ኮንትሮለሩ "ሰው ዘጋኝ" እና "መብራት ሄደ" የሚሉትን መለየት አይችልም። ቴክኒሻኑ ዋናውን ቆልፎ ሥራ ሲጀምር ባትሪው ቫልቩን ይከፍትና ካቢኑ ይወርዳል። ሰው የሚገድል ስህተት ነው። ኮንታክቱ ከማቋረጫው ምላጭ ጋር በሜካኒክ የተያያዘ ይሁን፣ በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚንቀሳቀስ ማብሪያ) አይተካ።

በማሽን ክፍሉ ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ) ካለ ውሃው ሳይፈስ በፊት ኃይሉ መቆረጥ አለበት፤ ይህን የሚሠራው ሻንት ትሪፕ (ምልክት ሲደርሰው ብሬከሩን የሚያስቆርጥ ኮይል) ያለው ብሬከር ነው። የሚያዝዘው የሙቀት ጠቋሚ ነው፣ የጭስ ጠቋሚ አይደለም። ጭስ ሊፍቱን ወደ መውጫ ፎቅ ይጠራዋል፤ ያኔ ኃይል ከቆረጣችሁ ሰዎቹን በሁለት ፎቅ መካከል ትሰቅላላችሁ። የሙቀት ጠቋሚው ከእያንዳንዱ ስፕሪንክለር ራስ በ610 ሚሊ ሜትር ውስጥ ይቀመጥ፣ ከእሱም ቀድሞ የሚሠራ ይሁን፤ ለምሳሌ ስፕሪንክለሩ በ74 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈነዳ ከሆነ ጠቋሚው በ57። የሻንት ትሪፑ መቆጣጠሪያ ቮልቴጅ መኖሩንም ራሱ የእሳት ማንቂያ ፓኔሉ መከታተል አለበት። አንድ ሰው ያን ቮልቴጅ የሚሰጠውን ትንሽ ብሬከር ዘግቶት ቢሄድ ጠቋሚው ይጮኻል፣ ኮይሉ ግን ኃይል የለውም፣ ውሃው 480 ቮልት ላይ ይፈሳል። ርክክብ ላይ ያን ትንሽ ብሬከር ዝጉና ፓኔሉ ላይ ምልክት መውጣቱን በዓይናችሁ እዩ።

የቀረው የቱቦ ሥራ ነው፤ በኮንትሮለሩና በሞተሩ መካከል ተጣጣፊ ኮንዲዩት እስከ 1.8 ሜትር፣ በዋየርዌይ (ሽቦዎች የሚዘረጉበት ክዳን ያለው መተላለፊያ) ውስጥ ያለው የሽቦዎች ቁርጥ ገጽ ስፋት ድምር ከመተላለፊያው የውስጥ ቁርጥ ገጽ ስፋት 50 በመቶ እንዳያልፍ።