ፈተና ላይ አይመጣም

ነገሩ የሆነው ታኅሣሥ 2015 ነው። ፍኖተ ሰላም አካባቢ 11ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሚኒ ሚዲያውም በእኔ እጅ ስለነበር፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ልጆቹ ያነበቡትን ዜና የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ፣ እስከዚያ ጊዜ ርቀታቸው ከተረጋገጠላቸው ሁሉ የባሰ ሩቅ ጋላክሲ አገኘ የሚል ነው። ብርሃኑ የተነሳው ከቢግ ባንግ፣ ማለትም ከዩኒቨርስ መጀመሪያ፣ 320 ሚሊየን ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

ሦስተኛ ፔሬድ ላይ ኦብዘርቬሽን ነበረብኝ። የዲፓርትመንት ኃላፊው ፎርሙን ይዞ ኋላ ወንበር ላይ ተሰይሟል። ሌሰን ፕላኔ የሚለው የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ነው። እኔ ግን ትንሽ መታየት አማረኝ። የጠዋቱን ጋላክሲ አነሳሁ። ብርሃኑ 13.5 ቢሊየን ዓመት ስለተጓዘ 13.5 ቢሊየን የብርሃን ዓመት ይርቃል አልኩ። የብርሃኑ ሞገድ ከ14 እጥፍ በላይ ተለጥጦ እንደደረሰ፣ ዌብም በኢንፍራሬድ፣ ዓይናችን በማያየው ረጅም ሞገድ፣ የሚያየው ለዚህ እንደሆነ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። በእንግሊዝኛ ጀምሬ በአማርኛ ጨረስኩት። ያስተማረ ያውቀዋል።

መስኮቱ ጥግ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ መጀመሪያ ሁሉም ነገር ተጠጋግቶ ነበር ብለውናል። ጋላክሲው ያኔ ቅርብ ከነበረ፣ ብርሃኑ ለምን 13.5 ቢሊየን ዓመት ፈጀበት?»

ጸጥ። ኃላፊው እስክሪብቶውን አነሳ። ላብ አጠመቀኝ።

«ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም» አልኳት።

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ደብተሯን ከድና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

«አላውቅም» አምስት ፊደል ናት። እኔ ካልኩት በጣም ታጥራለች።

ሌሊት ስገላበጥ ገባኝ። መልሱን ራሴ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ እኮ! ብርሃኑ የተለጠጠው ሕዋው ራሱ ስለተለጠጠ ነው። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በእግሩ የሚመጣ ሰው ይኑር። እሱ ሲራመድ አስፋልቱም ይረዝማል። ከፊቱ ያለው ስለሚረዝም ይዘገያል። ከኋላው ያለውም ስለሚረዝም፣ ሲደርስ ቡሬ እሱ ከተራመደው በላይ ርቃ ትገኛለች። ብርሃኑ ሲነሳ በመካከላችን የነበረው 2.3 ቢሊየን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ 33 ቢሊየን ደርሷል። ጥያቄውን መሸሼ ሳያንስ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ የሰጠሁት ርቀትም ስህተት ነበር።

በማግስቱ ቁጥሩን አረምኩ፣ የቡሬውንም መንገድ አስረዳሁ። ልጅቷ አንድ በአንድ ጻፈች። ስትጨርስ ቀና ብላ፣

«ታዲያ ፈተና ላይ ይመጣል፣ ቲቸር?»

ከልቧ ይሁን ስታሾፍብኝ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

የኦብዘርቬሽኑ ውጤት በሳምንቱ መጣ። «ከዕቅዱ ወጥቷል» ተብሎ ተቀነሰብኝ። «የተማሪን ጥያቄ በአግባቡ ያስተናግዳል» የሚለው ላይ ግን ሙሉ ነጥብ!

የዚያን ቀን ኃላፊው መምህራን ክበብ ውስጥ ሻዩን ይዞ ጠጋ አለኝ።

«እኔ የምልህ፣ የዚያች ልጅ ጥያቄ መልሱ ምን ነበር?»

መልሱ ከነቡሬው፣ ከነአስፋልቱ ምላሴ ላይ ነበር።

«ፈተና ላይ አይመጣም» አልኩት።

ሻዩን ግን እኔ ከፈልኩ።