ገና 98

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ጾሙን ለጾማችሁም እንኳን አስፈጽሞ ለፍስኩ አበቃችሁ። ሀገር ቤት ቄጤማ ጎዝጉዛችሁ የምትውሉ፣ እንደ እኔ ደግሞ ቀኑ የሥራ ቀን ሆኖባችሁ ከሥራ መልስ ሽንኩርት የምታቁላሉ፣ ሁላችሁንም በያላችሁበት ሰላም ብያለሁ።

ዘንድሮ ስለ ሁለት ነገር ላወጋችሁ ነው። አንዱ ዶክተር ሁ የሚባል፣ በጠፈርና በጊዜ ስለሚጓዝ መንገደኛ የሚተርክ የእንግሊዞች የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ሌላው ወንድሜ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ይልክልኝ የነበረ ሲዲ ነው። እኔ ልብ ውስጥ ሁለቱ አንድ ቦታ ነው የተቀመጡት።

እንግሊዝ የገባሁት በ1997 ጥር ላይ ነው፤ በነሱ 2005። ኮቨንትሪ ውስጥ ከአራት ሰዎች ጋር አንድ ቤት ተጋርተን እንኖር ነበር። ትምህርት ቤት የተማርኩት እንግሊዝኛና መንገድ ላይ የምሰማው አልገናኝ ብሎኝ ነበር። መጋቢት ላይ አንድ ቅዳሜ ማታ ቲቪ ስከፍት ዶክተር ሁ የተመለሰበት ቀን ሆኖ አገኘሁት። እኔ ምን አውቄ! ድራማው በፈረንጆቹ 1963 ተጀምሮ፣ በ1989 ተቋርጦ፣ መሃል ላይ በ1996 አንድ ፊልም ብቻ ወጥቶለት፣ እንደገና መጀመሩ ነበር። ያን ምሽት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል።

እኔን የያዘኝ ጠፈሩ አልነበረም። ሮዝ የምትባል የ19 ዓመት ልጅ ነበረች። ትልቅ መደብር ውስጥ ልብስ የምትሸጥ፣ ከእናቷ ጋር በመንግሥት አፓርታማ የምትኖር ልጅ። ዶክተሩ ደግሞ ሀገሩ በጦርነት ጠፍታ ብቻውን የቀረ መንገደኛ ነው። ሲናገር ግን የሰሜን እንግሊዝ ሰው ነው የሚመስለው። ልጅቷ ይህ ገርሟት ስትጠይቀው፣ ብዙ ፕላኔቶች እኮ ሰሜን አላቸው ይላታል። በአነጋገሬ ምክንያት በቀን አሥር ጊዜ «ከየት ነሽ?» እባል ስለነበር ያቺ መልስ አንጀቴን አራሰችው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ማታ ከቤት አልወጣም።

በዚያው ዓመት የፈረንጆች ገና ቀን ልዩ ክፍል ተላለፈ። እኛ ገና ጾም ላይ ነን። ያን ቀን አውቶቡስ የለም፣ ሱቅ ዝግ ነው፣ ከተማው ጭር ብሏል። የቤታችን ታላቅ የነበሩት እትዬ ሽሮ ሠርተው አምስታችንም ሶፋው ላይ ተደራርበን አየነው። ዶክተሩ ሊሞት ሲል መልኩን የሚቀይር ፍጡር ነው፤ ያን ጊዜም መልኩን ቀይሮ፣ በሌላ ተዋናይ፣ አዲስ ሰው ሆኗል። ግን ታሞ ተኝቷል። ክፍሉ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ፒጃማ ለብሶ ተኝቶ ነው። በመጨረሻ ያነቃው ምን መሰላችሁ? ሻይ! የፈሰሰ ሻይ እንፋሎት። እትዬ እጃቸውን አጨብጭበው «ድሮስ!» አሉ። እስከ ዛሬ ሻይ ሳፈላ ድምፃቸው ይመጣብኛል።

ከዚያ በኋላ እስከ 2017 ድረስ በየዓመቱ የፈረንጆች ገና ልዩ ክፍል ነበረው። በ2023 የገና ክፍል ላይ ደግሞ ዶክተሩን የተጫወተው ንኩቲ ጋትዋ ነበር። ሩዋንዳ የተወለደ፣ በጭፍጨፋው ጊዜ ቤተሰቦቹ ሕፃን ልጅ ይዘው ወደ ስኮትላንድ የሸሹ ልጅ። ያን ማታ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ ስደት የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

ወደ እኛው 1998 ልመለስ። ለእኛ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው ከአዲስ አበባ የመጣች መንገደኛ ደወለች። ዕቃ አለሽ አለችኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ከሁለቱ መሃል ካልሲ ውስጥ የተጠቀለለ ሲዲ። ላዩ ላይ ወንድሜ በሰማያዊ ማርከር «ገና 98» ብሎ ጽፎበታል። ፕላስቲኩ በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር።

ሲዲ 80 ደቂቃ ነው የሚይዘው። በኤምፒስሪ ቢሆን ከመቶ በላይ ዘፈን ይገባበታል፤ ግን የኩሽናችን ማጫወቻ ኤምፒስሪ አያነብም ነበር። ስለዚህ ወንድሜ መምረጥ ነበረበት። እኔ የዚያ ሲዲ ውበት መምረጡ ላይ ነው እላለሁ። ቅደም ተከተሉን ወረቀት ላይ ጽፎ ለሳምንት ሲሰርዝ ሲደልዝ ይከርማል። ትዝታ ከጭፈራ ቀጥሎ አይገባም ይላል፤ መሃል ላይ ዋሽንት ያስገባል። ከዚያ ዘፈን ሲዲ ላይ የሚቀዳ ኮምፒውተር ቤት ይሄዳል። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ሲዲው ተበላሸ ማለት ነው። ለ98ቱ ሦስት ሲዲ እንደከሰረ በኋላ ነው የነገረኝ።

እኔም አንድ ሠርቼ ላክሁለት። የመጀመሪያዋ ቁጥር የዶክተር ሁ መክፈቻ ሙዚቃ ነበረች፣ የ1963ቱ። ደወለልኝ። «እታለም፣ ይሄ ከሥር ያለው ክራር ነው እንዴ?» አለኝ። ሳቅኩበት። ለካ ብዙም አልተሳሳተም!

ዜማውን ወረቀት ላይ የጻፈው ሮን ግሬነር ነው። ድምፅ ያደረገችው ግን ዴሊያ ደርቢሺር ናት፣ ቢቢሲ የድምፅ ሙከራ ክፍል ውስጥ። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ኮቨንትሪ ነው። በ1940 ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ለእንግዳ ድምፅ ያላት ፍቅር ከዚያ ጊዜ የአደጋ ሳይረን እንደጀመረ ተናግራለች። ያን ሙዚቃ ስትሠራ ማቀናበሪያ ኮምፒውተር የሚባል የለም። አንድ ክር ወጥራ በጣቷ መትታ ትቀዳለች። የቴፑን ፍጥነት እየቀያየረች ድምፁን ታወፍራለች፣ ታቀጥናለች። ከዚያ ቴፑን በምላጭ እየቆረጠች፣ ርዝመቱን እየለካች፣ አንዱን ድምፅ ከሌላው ጋር ትለጥፋለች። ስሟ ድራማው ላይ የተጻፈው ግን በ2013፣ በ50ኛ ዓመቱ ነው። እሷ በ2001 አርፋለች፤ ድራማው ሲመለስ አላየችም። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሌላም የሚያንገበግብ አለ። ቢቢሲ የ1960ዎቹን ቴፖች እያጠፋ ሌላ ነገር ይቀዳባቸው ነበር። በዚህ ምክንያት ከመቶ በላይ ክፍሎች ምስላቸው ጠፋ። ዘጠኙ በ2013 ናይጄሪያ ጆስ ከተማ ከአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ መገኘታቸው ይፋ ሆነ። ድምፃቸው ግን የአንዳቸውም አልጠፋም! ለምን? ልጆች በየቤታቸው ቴፕ ይቀዱ ስለነበር። አንዳንዶቹ ማይክራፎን ቲቪው ድምፅ ማውጫ ላይ ደቅነው ነው የቀዱት። እናት ሳህን እንዳታንኳኳ፣ አባት እንዳያስል እየለመኑ ሲቀዱ ይታየኛል።

ይህን ሳነብ የ98ቱ ሲዲ 17ኛ ቁጥር ትዝ አለችኝ። ዘፈን አይደለችም። ወንድሜ መቅጃውን ረከቦቱ ሥር ደብቆ የቀዳት ናት። ቡና ምጣድ ላይ ሲንሿሿ ይሰማል። ጎረቤት የሆነ ሰው ይስላል። ከዚያ እናታችን፣ መቀዳቷን ሳታውቅ፣ «ያቺ ልጅ እንዲያው እዚያ ብርድ ላይ ምን በልታ ትጾም ይሆን?» ትላለች። ሌላ ምንም የለም። እናታችን ካረፈች ሰባት ዓመቷ ነው። ፎቶዋ ሞልቶኛል፤ ድምፅዋ ያለው እዚያች ሲዲ ላይ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ሲዲውን ከሳጥን አወጣሁት። ላፕቶፔ ሲዲ ማስገቢያ የለውም፣ ከውጭ የሚሰካ ገዛሁ። ወደ መስኮት ከፍ አድርጌ ሳየው ተጫጭሯል። ሲዲ የሚጻፈው ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዋ ቁጥር ያለችው ጣት የሚነካካው ጠርዝ ላይ ነው። ዘጠነኛው ዘፈን እየዘለለ አልፏል። አሥራ አራተኛው ጭራሽ አልከፍት አለ። 17ኛዋን ስነካ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቡናው ተንሿሿ። ጎረቤቱ አሳለ። «ያቺ ልጅ እንዲያው እዚያ ብርድ ላይ...» ብላ ትንሽ ተቆራረጠች፣ ከዚያ «...ትጾም ይሆን?» አለች።

ሦስት ቦታ ገለበጥኩት። ለወንድሜ በቴሌግራም ልላክልህ ብለው፣ እሱንም ላኪልኝ፣ ሲዲውን ግን ሥሪልኝ አለ። ይኸው ሠራሁለት። ያልከፈተውን ዘፈን ፈልጌ ቦታው ላይ መልሼዋለሁ፣ የዴሊያን ሙዚቃ መጀመሪያ አድርጌያለሁ፣ እናታችን እዚያው መጨረሻ ላይ ናት። ላዩ ላይ በሰማያዊ ማርከር «ገና 18» ብዬ ጽፌ ካልሲ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

መንገደኛዋ ሐሙስ ትበራለች። መልካም ገና!