አንድ ፖንቾ፣ ሁለት ሥራ

ባሌ ተራሮች ላይ ባለው ሐረና ጫካ ውስጥ ካምፕ የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት የሚለምደው ዝናቡን ነው። ከጫካው በላይ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሆናችሁ ፀሐይ ስትሞቁ ቆይታችሁ ይሆናል። ወደ ሪራ መንደር ቁልቁል ስትወርዱ፣ የአስታው ዛፍ አልቆ የኮሶው ዛፍ ሲጀምር፣ ጉሙ ይቀበላችኋል። ዝናቡ ካባራ በኋላም ዛፉ ለብቻው ሲያንጠባጥብ ያመሻል። እዚያ ውስጥ የዝናብ ልብስ የሌለው ሰው ሥራ አይሠራም። ይኼን የምለው የእቃ ዝርዝር ለሚያዘጋጁ ባልደረቦቼ ነው።

ነገሩ የሆነው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ከዲንሾ ተነስተን በእግርና በፈረስ ሁለት እንግዶች ይዘን ወረድን። እንግዶቹ ድንኳን አንፈልግም፣ ሃሞክ ላይ ነው የምንተኛው ብለዋል። ሃሞክ ሁለት ዛፍ መሃል የሚወጠር የጨርቅ አልጋ ነው። ለሐረና ጥሩ ምርጫ ነው። መሬቱ እርጥብ ነው፣ ሥር ይበዛበታል፣ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ዛፍ ግን እንደልብ ነው። የሚያሳስበው ጣሪያው ነው። ከሃሞኩ በላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሚሆን ሸራ እንዘረጋለን።

በዚያ ጉዞ ሸራው አልነበረም። ዝርዝሩን ያዘጋጀው የቢሮ ሰው ጭነት ለመቀነስ ብሎ ሰርዞታል። ጎኑ ላይ «ፖንቾ ስላላቸው እንደ ጣሪያ ይጠቀሙበታል» ተብሎ ተጽፏል። ፖንቾ በራስ የሚጠለቅ፣ መካከሉ ላይ ኮፍያ ያለው፣ ሲዘረጋ አንድ ሰፊ ጨርቅ የሚሆን የዝናብ ልብስ ነው። ወረቀቱ እጄ የገባው ፈረሶቹ ተጭነው ካለቁ በኋላ ነው። ምግብ አብሳያችን፣ ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት፣ ስትሰማ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» አለችና ወደ ድስቶቿ ዞረች።

ልንተኛበት ያሰብነው ቦታ ስንደርስ አስር ሰዓት ሆኗል። ሰማዩ ከብዷል። መጀመሪያ ዛፍ መረጥን። የደረቀ ቅርንጫፍ በላዩ ያንጠለጠለ ዛፍ አይታሰርበትም፤ ሌሊት እርጥበት ሲከብደው ይወድቃል። የኮሶው ልጥ ቶሎ ስለሚላጥ ሰፋ ባለ ጠፍር ነው ያሰርነው።

ከዚያ ፖንቾው መጣ። እንግዶቹ የያዙት የወታደር ዓይነት ነው፤ ሲዘረጋ ወርዱ 1 ሜትር ከ70፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ30 ገደማ ይሆናል። ሃሞኩ ታስሮ ረገብ ሲል ከጫፍ ጫፍ 2 ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። እንግዳው ፖንቾውን በርዝመቱ ቀጥ አድርጎ ሲዘረጋው የሃሞኩ ሁለት ጫፎች ደጅ ቀሩ። እንደዚያ ቢያድር ውሃው በራስጌና በግርጌ ይገባል።

መፍትሔው ሰያፍ ነው። ከላይ በሁለቱ ዛፎች መሃል ገመድ ወጠርንና ፖንቾውን ከጥግ ወደ ጥግ ጣልነው። በሰያፍ ሲለካ ወደ 2 ሜትር ከ85 ይደርሳል። አሁን ሃሞኩ ጫፍ ለጫፍ ተሸፈነ። የቀሩት ሁለት ጥጎች በግራና በቀኝ በገመድና በካስማ ወደ መሬት ተወጠሩ። እነዚህ ጥጎች ፊት ለፊት አይተያዩም፤ አንዱ ወደ ራስጌ ያደላል፣ ሌላው ወደ ግርጌ። ይኼ ደግሞ ይጠቅማል፤ ሃሞክ ላይ በደንብ የሚተኛው ሰው ራሱ ሰያፍ ነው የሚተኛው። ጭንቅላቱን በአንደኛው ጥግ በኩል፣ እግሩን በሌላኛው በኩል ካደረገ ሰፊው ክፍል እሱ ላይ ይውላል።

ኮፍያው የገባው መካከል ላይ ስለሆነ ልክ ገመዱ ላይ ይውላል። ወደ ውጭ ስበን፣ ጠምዝዘን፣ እንደ ጆንያ አፍ ጥብቅ አድርገን አሰርነው። ይኼ ካልተደረገ ውሃው በአንገቱ ቀዳዳ ደረት ላይ ነው የሚወርደው። ሌላው ሌባ የማሰሪያው ገመድ ነው። ዝናብ በዛፉ ግንድ ይወርድና ገመዱን ተከትሎ ሃሞኩ ውስጥ ይገባል። ከሃሞኩ ጫፍ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጎ አጭር ክር ጠምጥሞ ማንጠልጠል ነው። ውሃው እዚያ ሲደርስ በክሩ ይወርድና መሬት ይንጠባጠባል። እኛ የጫማ ክር ተጠቀምን።

ዝናቡ አንድ ሰዓት ላይ ጀመረ። ነፋስ ስለነበረው በነፋሱ በኩል ያለውን ጥግ ዝቅ አደረግነው። በባትሪ ዞሬ አየሁ። ሃሞኮቹ ደረቅ ናቸው። ከሥር ብርድ እንዳይገባ የስፖንጅ ምንጣፍ አስገብተንላቸዋል፤ ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ሰው ሲተኛበት ከጀርባ በኩል ስለሚጨፈለቅ ብቻውን አያሞቅም። እስከዚህ ፖንቾው ጣሪያነቱን አስመሰከረ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንደኛው እንግዳ ሽንት ቤት መሄድ ፈለገ። ዝናቡ እየወረደ ነው። የዝናብ ልብሱ ግን ላዩ ላይ ተወጥሮ፣ አራት ቦታ ታስሮ ጣሪያ ሆኗል። ቢፈታው አልጋው ይበሰብሳል። በጥጥ ሹራብ ወጣ። ጨለማው ውስጥ መንገድ ሳተና ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። ሲመለስ እስከ ውስጥ ልብሱ በስብሷል፣ እንደዚያው ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ጓደኛው ጠራን።

ስደርስ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ ንግግሩ ይጎተታል። ጣቶቹ ዚፑን መያዝ አቅቷቸዋል። ይኼ ምልክት ቀልድ አይደለም። ወደ ምግብ ማብሰያው ድንኳን ወሰድነው። እርጥቡን ሁሉ አወለቅን፣ አደረቅነው፣ የእቴቴን ጋቢና ሁለት ብርድ ልብስ ደረብንለት። ከሥሩ ምንጣፍ አነጠፍን። እሷ ስኳር የበዛበት ሻይ ትንሽ በትንሽ ታጠጣው ጀመር፤ «ቀስ እያልክ ጠጣ ልጄ፣ አይዞህ» እያለች። ያልገባው ቃል የለም መሰለኝ፣ አማርኛ ባይችልም። ወደ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ መንቀጥቀጡ ቀርቶ በደንብ ያወራ ነበር።

ጠዋት ፈረሶቹን የሚመሩት የሪራ ሰው ቦታውን ዞረው አዩ። እሳቸው ጭነቱን የሚሸፍኑበት ላስቲክ ሌላ፣ እሳቸው የሚለብሱት ሌላ ነው። «የሰውየውን ልብስ ለዛፉ አልብሳችሁ እሱ ምን ሊለብስ ነው?» አሉኝ።

ነገሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ፖንቾው አልፈሰሰም፣ አልተቀደደም። ጥፋቱ ወረቀቱ ላይ ነው ያለው። አንድ እቃ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ቀን ልብስ፣ ማታ ጣሪያ። ሁለቱን በየተራ መሆን ይችላል፣ በአንድ ሰዓት ግን አይችልም። ዝናብ ሌሊት ሲጥል ደግሞ ሁለቱም የሚፈለጉት በአንድ ሰዓት ነው። ብቻውን ለሚጓዝ፣ ዝናብ እምብዛም በሌለበት ወቅት ለሚወጣ ሰው ፖንቾን ጣሪያ ማድረግ ብልሃት ነው፤ ሸራው ተቀዶ ወይም ጠፍቶም ከሆነ ያድናል። እንግዳ ይዞ በዝናብ ወቅት ሐረና ለሚገባ ቡድን ግን እቅድ ሊሆን አይገባም።

ስንመለስ ከቢሮ ጋር ተከራከርን። ክብደት ነው የተባለውን ሚዛን ላይ አወጣነው። ቀለል ያለው የናይለን ሸራ አንድ ኪሎ አይሞላም። አሁን ዝርዝሩ ላይ ከእያንዳንዱ እቃ ጎን «ሌሊት ዝናብ ሲጥል የት ነው ያለው?» የሚል መስመር አለ። ሁለት መልስ የተጻፈለት እቃ ካለ ሌላ ይጨመራል። የዝናብ ልብሱ ማታ ራስጌ ባለው ገመድ ላይ፣ እጅ በሚደርስበት፣ ከባትሪው ጋር ይሰቀላል። ለእንግዶች ይኼን የማሳየው ከመተኛታቸው በፊት ነው፣ ባትሪውን አጥፍተው በዳበሳ እንዲያገኙትም አደርጋለሁ።